ደሴ ለመሄድ ሦስት ቀን ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ደሴ ነው አብረን የተማርነው። ከተመረቅን ስድስት ዓመት ሆነን። እኛ አዲስ አበባ ገባን፣ ሁለት ጓደኞቻችን እዚያው ቀሩ። አንዷ አግብታ ደሴ ከባሏና ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ሙስሊም ናት። ሌላው ሐይቅ ከተማ ያስተምራል። በየዓመቱ «ዘንድሮስ እንመጣለን» እያልን ቀርተናል። አሁን መስከረም 1 ቀን 2019 አርብ ስለሚውል ከቅዳሜና እሁድ ጋር ሦስት ቀን እረፍት አገኘን። የምንሄደው በእኔ ቪትዝ ነው። ሐሙስ ከሥራ እንደወጣን ተነስተን ሌሊቱን ነድተን ለበዓሉ ጠዋት ደሴ ለመግባት አስበናል። አርብ ደሴ እንውላለን። ቅዳሜ በ1 ሰዓት ወጥተን ሐይቅ ጓደኛችንን ሰላም ብለን፣ ግሸንን አይተን፣ ማታ ላሊበላ እናድራለን። እሁድ እንመለሳለን። መንገዱን የማውቀው በአውቶቡስ ነው፤ ነድቼው አላውቅም። አራታችንም ኦርቶዶክሶች ነን። ይሆናል? ምንስ ይዘን እንሂድ?
ሰ.፣ ከሳሪስ

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ደሴ ይሆናል። ሐይቅም ይሆናል። ግሸንና ላሊበላ በዚህ ጉዞ አይሆኑም። የሌሊቱን ነገር ደግሞ ጭራሽ ተይው።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ከአሰብ ይጭናል፤ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ ከረዳቱ ጋር አጣብቆ ይወስደኝ ነበር። መንገዱን የለመድኩት ያኔ ነው። የሚያስፈራውንም ቦታ ያኔ ነው ያወቅኩት።

ከሁሉ በፊት ስልክ። ባለፉት ዓመታት ይህ መንገድ ስንቴ ተዘግቶ ስንቴ እንደተከፈተ ሁላችንም እናውቃለን። በመነሻችሁ ዋዜማ ማታ ለደሴዋ ጓደኛሽ ደውይ። ጠዋት መኪናውን ሳታስነሺ ድጋሚ ደውይ። ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ከወዲያ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቂ፤ የመንገድን ወሬ ሾፌር ከማንም ቀድሞ ይሰማል። «አትምጡ» ከተባላችሁ አትሂዱ። ስድስት ዓመት የጠበቁ ጓደኞች ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያቅታቸውም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ሐሙስን ፈቃድ ወስዳችሁ ሐሙስ ንጋት ትነሳላችሁ፣ ወይ አርብ ንጋት። እኔ ብሆን አለቃዬን ሐሙስን እለምን ነበር። የጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ቢሮውም ያን ያህል ሥራ አይኖረውም። ሐሙስ ከገባችሁ የእንቁጣጣሽ ጠዋት ደሴ ላይ ትነጋላችሁ። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ የሰፈሩ ልጃገረዶች አበባየሁሽ እያሉ በር ሲያንኳኩ።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ውጡ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን አይተሽ አምስት ስድስት ሰዓት ብለሽ እንዳታስቢ። ቁርስ፣ ምሳ፣ ጉም፣ ከብትና ከባድ መኪና ተጨምሮ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናችሁ። ደብረ ብርሃን ቁርስ ብሉ፣ ነዳጅም እዚያ ሙሉ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ከአራታችሁ ቢያንስ የሁለታችሁ ስልክ ባትሪም ብርም ይኑረው።

ከዚያ ጣርማበር ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሸንቁሮ ያወጣው ዋሻ አለ፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በአውቶቡስ ስታልፊ ተኝተሽ ይሆናል። በክረምት እዚያ ላይ የሚወርደው ጉም ከመኪናሽ አፍንጫ ወዲያ ምንም አያሳይሽም። ለቦታው አዲስ የሆነ ሾፌር የሚሳሳተው ረጅሙን መብራት በማብራት ነው። ረጅሙ መብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። አጭሩን አብሪ። ቀስ በይ። ከፊትሽ ተሳቢ ካለ የኋላ መብራቱ እየታየሽ፣ ግን ራቅ ብለሽ ተከተይው፤ አትቅደሚው። መንገዱ ላይ አትቁሚ። መቆም ግድ ከሆነ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጪ። እስቲ ይህን በሌሊት፣ ሥራ ውለሽ ደክሞሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነጂ አስቢው።

ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢት እስክትደርሺ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። አባቴ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይል ነበር። የአንቺ መኪና አውቶማቲክ ነው ብዬ ልውሰድ። ብዙ ሰው ማርሹን ‹ዲ› ላይ ትቶ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል። የተቃጠለ ነገር መሽተት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብትረግጪውም አይዝም። ስለዚህ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አውርጂ፤ ‹ኤስ›፣ ‹ቢ› ወይም ‹ኤል› ተብሎ የተጻፈውን ከመነሳትሽ በፊት አይተሽ ለይው። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልሻል። ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ አድርጊ እንጂ እግርሽን አትጫኚበት። ሽታው ከመጣ ደብረ ሲና ላይ ቁሙ። ቆሎ ግዙ፣ ሻይ ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይብረድ። ውሃ አታፍሱበት።

ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ፤ ቆላ ነው። ከዚያ እስከ ከሚሴ መንገዱ ይቀናል፣ እግርሽም ነዳጁ ላይ ይከብዳል። ግን የበዓል ሰሞን ነው። በጉም በሬውም ወደ ገበያ የሚነዳው በዚያው አስፋልት ላይ ነው። አርብ ከተነሳችሁ ደግሞ ከሚሴ የምትደርሱት በጁምዓ ሰዓት ነው። ሰዉ ወደ መስጊድ ይሻገራል። ያኔ ከመጋፋት ምሳ ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ሰዉ ሲበተን ትቀጥላላችሁ።

ኮምቦልቻ ስትገቡ ደረስን አትበሉ። ሐረጎ ይቀራል። እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ኩርባ በኩርባ ዳገት ነው። ከጫነ መኪና ኋላ ከሆንሽ በእሱ ፍጥነት መውጣት ነው። ያወለቃችሁትን ሹራብ ደግሞ መልሳችሁ ልበሱ። ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ በመስከረም መግቢያ ምሽቷ ምን እንደሚመስል አትረሱትም መቼም።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የቅዳሜው ጉዞ የመነሻ ሰዓት አለው። ላሊበላ ማደሪያ አለው። የጓደኛሽ ቤት ግን ሰዓት የለውም። «አርብ ደሴ እንውላለን» ብለሽ አልፈሽዋል። እዚህ ላይ ነው የቆረቆረኝ፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በክረምት ወደዚያው ሄድን። ደሴ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ቤት ምሳ ተጋበዝን። ምሳው አለቀ። እናቱ ረከቦቱን አቀረቡ፣ ቡናው ተቆላ፣ ዕጣኑ ጨሰ። አቦሉን ጠጣን። ሰዓቴን አየሁ። «እማማ፣ መንገድ ይመሽብናል፤ ዛሬ ላሊበላ መግባት አለብን» አልኩ። ምንም አላሉም። መርቀው ሸኙን። የሆነውን ጓደኛዬ የነገረኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እናቱ ለጎረቤቱ ሁሉ «የልጄ ጓደኞች ይመጣሉ» ብለው ነበር። ከእድር ወንበር አስመጥተዋል። አጥር የሚጋሯቸው አንዲት ሙስሊም እናት ለቶናው ብለው ድፎ ዳቦ ጋግረዋል። ሴቶቹ ነጠላና ሻሻቸውን አጣፍተው፣ ዳቦውን ይዘው ሲገቡ እኛ የለንም። «እንግዶቹስ?» አሉ። ቶናውንና በረካውን ራሳቸው ጠጥተው ወንበሩን መለሱ።

በዓመቱ ብቻዬን ሄድኩ። ሦስት ቀን እዚያ ቤት ተቀመጥኩ። እኚያ እናት ዳቦውን በድጋሚ ጋገሩ።

ስለዚህ እህቴ፣ ወሎ ቤት ስትገቢ ቡናውን እስከ በረካው ጠጪ። አቦል የእንግዳው ነው። በቶናው ጎረቤት ይገባል። በበረካው ትልልቆቹ ይመርቃሉ፤ አንቺ «አሜን» ትያለሽ፣ ጓደኛሽ «አሚን» ትላለች፣ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም። ይህ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ነው ላሊበላን ተይው ያልኩሽ። ከደሴ ላሊበላ ብቻ በወልዲያና በጋሸና ዞሮ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እሁድ ከዚያ ተነስቶ አዲስ አበባ መግባት ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በአንድ ቀን መንዳት ነው። ግሸንም ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ አምባሰል ተራራ የሚወጣ መንገድ ነው፤ ክረምት ሳይወጣ በቪትዝ አልመክርም። በዓሉ መስከረም 21 ነው። ያን ጊዜ ከምእመናኑ ጋር፣ ለሱ ብላችሁ ሂዱ።

የምግቡን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እንቁጣጣሽ አርብ ስለዋለ ጾም ነው። ጓደኛሽ ይህን ሳታውቅ አትቀርም፤ ወሎዬ የጎረቤቱን ጾም ከራሱ ጋር ይቆጥራል። ቢሆንም ደውለሽ ንገሪያት፣ ዶሮ ገዝታ እንዳትጨነቅ። አርብ እሷ ቤት ሽሮውና ምስሩ ይበቃችኋል። ቅዳሜ ሐይቅ ስትሄዱ የበዓሉን ዶሮ መምህሩ ቤት ትበላላችሁ። የስጋው ጉዳይ እንዳያሳፍራችሁ። በወሎ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ አብሮ ይበላል። ማንም ቅር አይለውም። እሷንም ቅዳሜ ይዛችኋት ሂዱ። አምስተኛ ሰው ለ30 ኪሎ ሜትር ትጠባላችሁ። ለእሷ ከሐይቁ የወጣ አሳ አለ።

ስጦታን በተመለከተ ኬክ አትግዙ፤ ጣርማበርን ሳያልፍ ይፈርሳል። ጥሩ ቡና ሁለት ኪሎና ስኳር ያዙ። ለአማቷ ጥሩ ሻሽ። እሱን በጓደኛሽ በኩል አትላኪ፤ ራስሽ በሁለት እጅሽ አቅርቢላቸው። ቤቱ ውስጥ ልጆች ካሉ ደብተርና እስክሪብቶ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ወላጅም ልጅም ይደሰታሉ።

ሐይቅ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ሳታዩ አትመለሱ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ትልቅ የትምህርት ቦታ ነው። ሴቶች ግን ወደ ውስጥ አይገቡም። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ እናንተ ሐይቁ ዳር ትቀመጣላችሁ። ያንን ሰዓት ከደሴዋ ጓደኛሽ ጋር ለብቻ የምታወሩበት አድርጊው። ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ባልና አማት ባሉበት አያልቅም።

አርብ ከሰዓት ጊዜ ከተረፋችሁ አይጠየፍን እዩ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙን ልብ በይው፤ ድሃ ሀብታም ሳይባል ሰው የሚበላበት፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው።

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ይህን ለባለቤቶቹ ቅዳሜ ማታ ንገሯቸው። ጠዋት ከነገራችኋቸው ቁርስ ሳትበሉ አትወጡም፤ ቁርሱ ቡና ያስከትላል፣ ቡናውን ደግሞ እስከ በረካ ጠጪ ብዬሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ከነልጆቻቸው ለእንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ሰባት ናቸው። ትናንት ደውለው «ሆቴል ይዘናል፣ እንዳትቸገር» አሉኝ። ባለቤቴ አለቀሰች። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ እውነት ነው ይጠባል። ግን እኔ እያለሁ ጓደኛዬ ሆቴል ያድራል? ተቀይሜ «እንግዲያው ቅሩ» ልላቸው ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅሩ አትበላቸው። ቅሬታህ ይገባኛል። እኛ ቤት ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ አሥራ አንድ ሰው አድሯል፤ እናቴም ይህን እንደ ሀብት ትቆጥረው ነበር። ግን እነሱ ልጆች ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተጨናንቀው ነው የሚደርሱት። ምናልባት አንዱ ልጅ ሌሊት ይነሳል፣ ምናልባት አንዷ መድኃኒት ትወስዳለች። ይህን በስልክ ሊነግሩህ አፍረው «እንዳትቸገር» ብለው ይሆናል።

ደውልና እንዲህ በል፦ «መኝታው ሆቴል ይሁን፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት ግን እኔ ቤት ነው፤ አንድ ሌሊት ደግሞ ልጆቹን ለኔ ተዉልኝ።» ልጆች ፍራሽ ላይ ተደርድረው ማደር ይወዳሉ። ወላጆቹም አንድ ሌሊት ያርፋሉ። ለባለቤትህ ያለቀሰችበትን ነገር አትንቅባት። ሲመጡ የጓዳውን ሥራ ለእሷ ብቻ እንዳትተው፤ አንተም ሽንኩርቱን ላጥ፣ ውሃውን ቅዳ። ሰባት እንግዳ ለአንድ ሴት ብዙ ነው፣ ደስ እያላትም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ደሴ ለበዓል ደርሰን ስንመለስ ባቲን ለማየት ወደዚያ መታጠፍ ያዋጣል ወይ? እሁድ ነው የምንመለሰው።

መልስ፦ እሁድ አያዋጣም። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፤ እሁድ ከሄዳችሁ ባዶ ሜዳ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሰኞን ፈቃድ ማግኘት ከቻላችሁ ግን እሁድ ማታ ኮምቦልቻ እደሩና በጠዋት ውረዱ። ከአፋር በኩል ግመል እየተነዳ ይመጣል፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገበያያል። በቅኝት ስሟ ብቻ የምታውቋትን ከተማ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፀሐዩ ይበረታል፤ ኮፍያና ውሃ ያዙ። ከምሳ በፊት ከዚያ ውጡ፣ አለዚያ ጣርማበር ላይ ይመሽባችኋል።